ቋራ፣ ማክቤዝ እና የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ

ጥያቄ፦ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ትክክል የሆነው የቱ ነው?

ሀ) ጀግና ነበሩ።
ለ) ጨካኝ ነበሩ።
ሐ) አገር አንድ ለማድረግ ደከሙ።
መ) ሁሉም መልስ ነው።

«መ»ን ያጠቆራችሁ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ አንድ ነጥብ አግኝታችኋል። ስለ ቴዎድሮስ ግን ገና ማሰብ አልጀመራችሁም። አንድ ሰው እንዴት ሦስቱንም ሊሆን ቻለ? ጀግና ያለው ማን ነው? ጨካኝ ያለውስ? ሁለቱ ያዩት አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? ይህን ለመመለስ እርሳስና አራት ክብ አይበቁም። ባዶ ወረቀት ይፈልጋል።

የዛሬው ጉዳዬ ይኸው ባዶ ወረቀት ነው። በ11ኛ እና በ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ ሊኖር ሲገባው ስለሌለ አንድ ነገር ልጽፍ ነው። ሁለት የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ፣ ማነጻጸር፣ ከዚያም አቋም ይዞ በማስረጃ መከራከር። ስሙን ንጽጽራዊ ድርሰት እንበለው። እኔ እምለው፣ ይህ ነገር ለአዲስ አበባ የሀብታም ልጆች ብቻ የተሰጠ ቅንጦት መሆን የለበትም። እንዲያውም ከየትም ቀድሞ መጀመር ያለበት ገለጉ ላይ ነው።

አዎ፣ ገለጉ።

ገለጉ ደግሞ የት ነው?

ገለጉ የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ያለው በ2010 ዓ.ም. ከሰሜን ጎንደር ተከፍሎ ራሱን በቻለው በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ሆነን ስናስበው አካባቢው ሦስት ነገር ብቻ ይመስለናል፤ ሙቀት፣ ሰሊጥ እና ድንበር። በዜና የምንሰማው ወይ የሰሊጥ ዋጋ ሲነሳ ነው፣ ወይ ሱዳን ስትበጠበጥ፣ ወይ እኛው ራሳችን ስንበጠበጥ። እዚያ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ እንዳለ የሚያውቅ የከተማ ልጅ ስንት ነው? ጉሙዝና አማራ አብረው የሚኖሩበት አገር መሆኑንስ? እዚያ 12ኛ ክፍል የሚማር፣ ዩኒቨርሲቲ የሚመኝ፣ ማታ ማታ በስልኩ መብራት የሚያነብ ልጅ መኖሩን እንኳ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

አንድ ነገር ግን ሁሉም ሰው ያውቃል። ቋራ የካሳ አገር ነው።

ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እ.ኤ.አ. በ1818 አካባቢ የተወለዱት በዚሁ ምድር ነው። ከእሳቸው የበለጠ ደራሲ ያስለፋ የኢትዮጵያ ንጉሥ ማግኘት ደግሞ ይከብዳል። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር»ን ጻፈ። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን ጻፈ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት እና ጸጋዬ ገብረ መድኅን እያንዳንዳቸው «ቴዎድሮስ» የሚል ተውኔት አላቸው። ከጉራጌ ምድር የወጣው ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 «ዋሪየር ኪንግ» የተሰኘ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አሳተመ። ያሳተመለት ታዋቂው የሄይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በቺኑዋ አቼቤ መጽሐፍ የተጀመረው።

ልብ በሉ። አንድ የገለጉ ተማሪ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስለገዛ ወረዳው ሰው፣ በገዛ አገሩ ሰው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ማንበብ ይችላል። ከዚያ በአማርኛ ከተጻፉት ጋር ማነጻጸር ይችላል። ይህን ዕድል የለንደን ተማሪ የለውም። የናይሮቢ ተማሪም የለውም። የገለጉ ተማሪ አለው፤ ግን ማንም ነግሮት አያውቅም።

እነሱ ምን ያደርጋሉ?

እንግሊዝ አገር አንድ የ17 ወይም የ18 ዓመት ተማሪ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍን በከፍተኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከመረጠ፣ ከመጨረሻው ውጤቱ 20 በመቶው የሚመጣው ከፈተና አይደለም። ራሱ አስቦ፣ ለሳምንታት ሠርቶ ከሚያስረክበው ድርሰት ነው። ለምሳሌ ኤኪውኤ የተባለው ፈታኝ ድርጅት ባንደኛው ሥርዓተ ትምህርቱ የሚጠይቀው 2,500 ቃላት ያህል የሚረዝም ንጽጽራዊ ድርሰት ነው፤ ሁለት ሥራዎች፣ ቢያንስ አንዱ ከ1900 በፊት የተጻፈ። መጻሕፍቱን ተማሪው ከአስተማሪው ጋር ተመካክሮ ይመርጣል፤ ጥያቄውንም እንዲሁ። የሚታረመው ታሪኩን በመድገም አይደለም። ክርክሩ ይቆማል ወይ? ማስረጃው ከጽሑፉ የወጣ ነው ወይ? ደራሲው ቋንቋን እንዴት እንደተጠቀመ አይቷል ወይ? ዘመኑን አገናዝቧል ወይ? ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሊያነበው እንደሚችል ተረድቷል ወይ?

እዚሁ አዲስ አበባም የአይቢ ዲፕሎማ በሚሰጡ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች በመጨረሻው ፈተናቸው ሁለት የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን እያነጻጸሩ ድርሰት ይጽፋሉ። ስለዚህ «ለኢትዮጵያዊ ልጅ አይሆንም» የሚለው ክርክር ገና ከጅምሩ ወድቋል። ይሆናል። ጥያቄው ለየትኛው ኢትዮጵያዊ ልጅ የሚለው ነው።

እኛስ?

እኛ እናጠቁራለን።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛውን ጨምሮ ምርጫ ነው። መጽሐፉ ውስጥ «አንቀጽ ጻፉ» የሚል ትእዛዝ አይጠፋም፤ ፈተናው ላይ ግን የለም። ፈተናው ላይ የሌለ ነገር ደግሞ ክፍል ውስጥ ዕድሜ የለውም። በአስተማሪዎቻችን አልፈርድም። ተማሪው ራሱ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» ብሎ የሚጠይቅበት ክፍል ውስጥ፣ የማይወጣውን ለማስተማር የሰማዕት ልብ ይጠይቃል።

ታዲያ ለፈተና ብቻ አስተምረን ፈተናውን እንኳ አለፍን? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2 በመቶ። በ2016፣ 5.4 በመቶ። ለምርጫ ጥያቄ ብለን ድርሰቱን መሥዋዕት አደረግን፤ መሥዋዕቱ ግን ያረገ አይመስልም። ነገሩ ግልጽ ነው። ረጅም ጽሑፍ አንብቦ የማያውቅ ልጅ የፈተናውን ረጅም ምንባብም አያነበውም። ዓረፍተ ነገር ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ከአራት ዓረፍተ ነገሮች ስህተቱን መለየት ይከብደዋል።

ያለፉትስ? አንድ ወዳጄ ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ወር መምህሩ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ሰጥተው «አነጻጽሩ» አሏቸው። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ምርጫዎቹን ከየት ነው የምናገኘው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወዳጄ ሲያጫውተኝ እኔም ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ልጁ ቀልድ አልነበረውም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መልሱ ሁልጊዜ ከአራቱ አንዱ ሆኖ ተጽፎ ጠብቆታል። አምስተኛውን ራሱ እንዲጽፍ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እስቲ እንሞክረው

ንጽጽራዊ ድርሰት ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት የ«ተመሳሳይነታቸው» እና የ«ልዩነታቸው» ሰንጠረዥ ነው። በግራ በኩል አምስት መስመር፣ በቀኝ በኩል አምስት መስመር፣ ከዚያ «በመሆኑም ሁለቱ መጻሕፍት የሚመሳሰሉበትም የሚለያዩበትም ነገር አላቸው»። ይህ የገበያ ዝርዝር ነው። ድርሰት የሚሆነው ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ የሚያጨቃጭቅ ነገር መዞ ሲያወጣ ነው።

መጽሐፉን ሳንከፍት በርዕሱ ብቻ እንጀምር። ብርሃኑ መጽሐፉን በአንዲት ሴት ስም ጠራው፤ ምስጢርም ጨመረበት። አቤ «አንድ ለእናቱ» ሲል ንጉሡን ዙፋን ላይ ሳይሆን እናቱ ጉያ ውስጥ አስቀመጠው። ሳህለ ሥላሴ ተዋጊና ንጉሥ አለው፤ እናትም የለች፣ ታንጉትም የለች። ስለ አንድ ዘመንና ስለ አንድ ንጉሥ ሦስት በሮች ተከፈቱ ማለት ነው፤ አንዱ በሴት በኩል፣ አንዱ በእናት በኩል፣ አንዱ በጦር በኩል። በየትኛው በር ብንገባ የተለየ ቴዎድሮስ እናገኛለን? ይኸውላችሁ፣ የመጀመሪያው የድርሰት ጥያቄ። ወጪው ዜሮ ብር።

ሁለተኛ ሙከራ። ይህኛው ቋንቋን የሚነካ ስለሆነ ለእንግሊዝኛ መምህራን እጅግ ይመቻል። በአማርኛ የሚጽፍ ደራሲ ገና በመጀመሪያው ገጽ መወሰን ያለበት ነገር አለ፤ ካሳ «እሱ» ነው ወይስ «እሳቸው»? ሽፍታ እያለ «እሱ» ካለውስ «እሳቸው» የሚሆነው መቼ ነው? ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭን ግሡም አብሮ ዘውድ ይጭናል፤ «ሄደ» የነበረው «ሄዱ» ይሆናል። በእንግሊዝኛ ግን ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሚሰድቡት ካሳም፣ ንጉሠ ነገሥቱም፣ ሁለቱም «ሂ» ናቸው። ታዲያ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ሳህለ ሥላሴ ያንን የክብር መሰላል በምን ተካው? በማዕረግ ስም? በሰዎች አነጋገር? በዝምታ? ይህን ጥያቄ የለንደን ተማሪ ሊያነሳው አይችልም። ሁለቱንም ቋንቋ በጆሮው የሚሰማ ልጅ ብቻ ነው የሚያነሳው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው መሆኑን እንደ ጉድለት ስንቆጥርበት የኖርነው ልጅ እዚህ ላይ ብልጫ አለው።

ሦስተኛው ይከብዳል፤ ግን የእንግሊዞቹን መስፈርት በሙሉ የሚያሟላ ነው። «ዋሪየር ኪንግ» እና የሼክስፒር «ማክቤዝ»።

ማክቤዝን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛው የከበደው ተማሪ በአማርኛ አስቀድሞ ሊያነበው ይችላል። ታሪኩ የሚታወቅ ነው። ጎበዝ የጦር መሪ፣ ትንቢት፣ በደም የተገኘ ዘውድ፣ ከዚያ ብቸኝነት፣ ከዚያ ውድቀት። የቋራው ልጅ ታሪክስ? ጎበዝ የጦር መሪ፣ ትንቢት፣ በጦር የተገኘ ዘውድ፣ ከዚያ ብቸኝነት፣ ከዚያ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ። ሰነፍ ተማሪ እዚህ ላይ «ይመሳሰላሉ» ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። ጎበዟ ተማሪ ግን ወደ ትንቢቱ ጠጋ ብላ ታያለች።

ማክቤዝ ትንቢቱን ሳይፈልገው መንገድ ላይ አገኘው። ጠንቋዮቹ ንጉሥ ትሆናለህ አሉት፤ ከዚያ ቃል ማምለጥ አልቻለም። ካሳ ግን ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል የሚለውን በፍካሬ ኢየሱስ የታወቀ ትንቢት ራሱ መረጠው፤ ሲነግሥ ስሙን ጥሎ የትንቢቱን ስም ለበሰ። አንዱን ትንቢት ጠራው፤ ሌላው ትንቢቱን ጠራው። አንዱ ንጉሡን በእንግድነት ባደረበት ሌሊት በጓዳ ገደለ፤ ሌላው ራስ ዓሊን አይሻል ላይ፣ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ በጠራራ ፀሐይ ገጠመ። ሚስቶቻቸውንም ተመልከቱ። የማክቤዝ ሚስት ባሏን ወደ ግድያው ገፋችው። የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች ካሳን እንድታለዝብ የተዳረች ብትሆንም፣ ከአባቷ ይልቅ ከባሏ ጎን እንደቆመች ይነገርላታል። እንግዲህ የድርሰቱ ጥያቄ ተወለደ፦ ትንቢት ሰውን ይሠራል ወይስ ሰው ትንቢቱን ይመርጣል? የመረጠውስ ከተመረጠው ይልቅ ለጥፋቱ ተጠያቂ ነው?

ይህ የ18 ዓመት ልጅ ሊጽፈው የሚችል ድርሰት ነው። አጻጻፉም ምትሃት የለውም። በመጀመሪያው አንቀጽ አቋምህን ተናገር፤ «ስለ ሁለት መጻሕፍት እጽፋለሁ» አትበል፤ «ካሳ ከማክቤዝ ይልቅ ተጠያቂ ነው፣ ምክንያቱም…» በል። ግማሹን ድርሰት ለአንዱ መጽሐፍ፣ ግማሹን ለሌላው አትስጥ፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱም ይገናኙ። ታሪኩን አትተርክ፤ አራሚው አንብቦታል። በተናገርክ ቁጥር ከጽሑፉ ማስረጃ አምጣ። ከመጨረሻው በፊት አንድ አንቀጽ ለተቃዋሚህ ስጠው፤ «እንዲህ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል» በልና መልስለት። ከዚያ ጨርስ። «በአጠቃላይ» ብለህ ያልከውን አትድገም።

ግን እኮ…

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

«መጽሐፉ የት አለ?» እውነት ነው፤ «ዋሪየር ኪንግ»ን ገለጉ ገበያ ላይ አታገኙትም። አዲስ አበባም አሮጌ መጽሐፍ ተራ ዞራችሁ ነው። ግን ንጽጽር ሁለት ወፍራም መጻሕፍት የግድ አይልም። ሁለት ምዕራፍ ፎቶ ኮፒ ይበቃል። ሁለት ገጽም ይበቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በአማርኛም በእንግሊዝኛ ትርጉምም አለ፤ አጭር ነው፣ ዋጋ አይጠይቅም፣ ያ ደብዳቤ መልስ በማጣቱ የመጣውን ጣጣ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። እስረኛቸው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እ.ኤ.አ. በ1868 ያሳተመው መጽሐፍ የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ከእሱ አንድ ገጽ፣ ለንጉሡ ከሚያደላው ከደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል አንድ ገጽ። እስረኛውና ጸሐፊ ትእዛዙ ያዩት አንድ ሰው ነው? በሉ ጻፉ።

«መምህሩ እንዴት ይችለዋል?» ሒሳብ እንሥራ። 60 ተማሪ ያላቸው ሦስት ክፍሎች፣ 180 ወረቀት። ለአንዱ 8 ደቂቃ ቢሰጠው 24 ሰዓት ይሆናል። በ16 ሳምንት ቢካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል። ቀላል አይደለም፤ በዚህ ደመወዝና በዚህ የኑሮ ውድነት በነፃ ሊጠየቅም አይገባም። ሌላ ሥራ ይቀነስለት። ግን የማይቻል ነው የሚለኝ ሰው ሒሳቡን ያሳየኝ።

«እንግሊዝኛቸው ደካማ ነው።» ድርሰት እስኪጽፉ ድረስ እንግሊዝኛቸው እስኪጠነክር እንጠብቅ ማለት፣ ዋና እስኪለምድ ውኃ ውስጥ አይግባ እንደማለት ነው። 2,500 ቃል ማን አለ? በ300 ቃል ይጀመር። ውይይቱ በአማርኛ ይሁን፣ በጉሙዝኛም ይሁን፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ። የሚናገሩት ነገር ያላቸው ልጆች ቃል ይፈልጋሉ፤ የሚናገሩት የሌላቸው ግን የተሰጣቸውንም ቃል ይረሳሉ።

«ይገለብጣሉ፤ አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ አለ።» ይህኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው። ማሽኑ ስለ ማክቤዝ ከመምህሩ የተሻለ እንግሊዝኛ በአንድ ደቂቃ ይጽፋል። የመኮራረጅ ክርክር ግን በማሽኑ አልተጀመረም። እንግሊዞች ራሳቸው ከ2009 ጀምሮ በታችኛው ደረጃ በብዙ ትምህርቶች ቤት የሚሠራውን ድርሰት ትተው፣ ክፍል ውስጥ በአስተማሪ ዓይን ሥር እንዲጻፍ አድርገው ነበር። እኛም እንዲሁ እናድርግ። ንባቡ ቤት፣ ጽሑፉ ክፍል ውስጥ፣ በእጅ። ከዚያ ሁለት ደቂቃ የቃል ጥያቄ፤ «ይህን ለምን አልሽ?» በራሷ ያሰበች ልጅ እየተንተባተበችም ትመልሳለች። ማሽኑ ያሰበላት እዚያው ትታወቃለች።

«ጦርነት ባለበት አገር ስለ ድርሰት ታወራለህ?» እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ሕፃናት ዓመታት ባክኖባቸዋል፤ መምህራን ተሰደዋል፣ ተገድለዋል። ከድንበሩ ማዶ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በተነሳው ጦርነት የሸሹ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ገብተው፣ እዚሁ ምዕራብ ጎንደር ውስጥ መጠለያ ጣቢያ ሆነውም ሰላም አላገኙም። መጀመሪያ በሩ ይከፈት፤ ጥቁር ሰሌዳው ይኑር። በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው በሩ ሲከፈት ውስጥ ምን እናስቀምጥ በሚለው ነው። ያው አራቱን ክብ መልሰን ከሆነ፣ ልጁ ያጣው ዓመታት ብቻ አይሆንም።

ለምን እንደምጨነቅ

ነገሩ ከእንግሊዝኛ ያልፋል።

ከገለጉ ሰሜን መተማ አለች። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት። በእኛ በኩል ታሪኩ የአንድ ንጉሥ መሥዋዕትነት ነው። ከጋላባት ማዶ ያለ ተማሪ ግን ያንኑ ጦርነት እንደ ድል ነው የሚሰማው። ሁለቱ ልጆች የሚኖሩት በእግር በሚሻገሩት ርቀት ነው። አንዳቸው የሌላቸውን ገጽ አንብበው አያውቁም።

ማንበብ ቢፈልጉ ደግሞ መጽሐፍ አላጡም። የሱዳኑ ጠዪብ ሳሊህ እ.ኤ.አ. በ1966 በዓረብኛ ያሳተመው፣ «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» ልንለው የምንችለው ልብ ወለድ፣ በ1969 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። እንግሊዝ ተምሮ ወደ ዓባይ ዳር መንደሩ የተመለሰ ወጣት ይተርከዋል። የእኛው ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን አሳተመ፤ የተማረ ወጣትና ገጠር ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር። ሁለት ጎረቤት አገሮች፣ አንድ አሥር ዓመት፣ አንድ ጥያቄ፦ የተማረ ሰው ወደ አገሩ ሰው እንዴት ይመለሳል? ይህ ጥያቄ ነገ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገለጉ ለምትመለሰው ልጅ የልብ ወለድ ጥያቄ አይደለም፤ የራሷ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በዚህ አገር ስለ ታሪክ እንዴት እንደምንጣላ ታውቃላችሁ። አንዱ አንድ መጽሐፍ ያነባል፤ ሌላው ሌላውን። ቴዎድሮስን አንዱ ቲሸርቱ ላይ ያትመዋል፣ ሌላው ስሙ ሲጠራ ፊቱን ያጠቁራል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ሁለቱም «ሀ» ወይም «ለ»ን አጥቁረው ወረቀቱን አስረክበዋል። የሁለቱን መጽሐፍ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ይህኛው ይህን ያየው ከዚህ ቆሞ ስለሆነ ነው፣ ያኛው ያን የዘለለው ለዚህ ነው፣ እኔ ደግሞ በዚህ ማስረጃ እንዲህ እላለሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው የምናገኘው ግን በመከራ ነው። ያ ሰው ከሰማይ አይወርድም። በ17 ዓመቱ አንድ መምህር ባዶ ወረቀት ሰጥቶት ነው የሚፈጠረው።

ንጽጽራዊ ድርሰት ሰላም ያመጣል እያልኩ አይደለም። ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። የማይወደውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ገጽ ማንበብ፣ ከመቃወም በፊት መረዳት፣ ሲቃወሙም በማስረጃ መቃወም፣ እነዚህ ልማዶች ናቸው። ልማድ ደግሞ ይማሩታል። ሌላ ቦታ የሚማሩበት ትምህርት አላየሁም።

አነስ ያለች ጥያቄ

ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ ፈተናው ውስጥ አንድ የድርሰት ጥያቄ እንዲያስገባ ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ እጠይቃለሁም። ግን እሱን እየጠበቅን አንድ ትውልድ አይለፍ። መምህራን በእጃቸው ያለ አንድ ነገር አለ፤ ተከታታይ ምዘና። ከመቶው ላይ የተወሰነውን መምህሩ ራሱ በሚያወጣው ሥራ ይሞላዋል። ከዚያ ላይ 10 ነጥብ ብቻ። በአንድ ሴሚስተር አንድ ድርሰት፣ 300 ቃል፣ ሁለት ጽሑፍ፣ አንድ ጥያቄ። ለዚህ ደብዳቤም፣ በጀትም፣ የአዲስ አበባ ቡራኬም አያስፈልግም።

ለእኛ ለከተማዎቹ ደግሞ ሌላ ሥራ አለን። «የታንጉት ምስጢር» ወይም «አንድ ለእናቱ» መደርደሪያችሁ ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ፣ «ዋሪየር ኪንግ»ን ከአሮጌ መጽሐፍ ተራ ገዝታችሁ አንብባችሁ የጨረሳችሁ፣ ጎንደር የሚሄድ፣ ከዚያም ወደ ገንዳ ውኃና ገለጉ የሚወርድ ዘመድ የምታውቁ፣ አንዱን ላኩ። ውስጡ ምንም ዓይነት ምክር አትጻፉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፋችሁ ላኩ፤ መልሱን የቋራ ልጆች ይጻፉት።